ይብራው ይብረር!

በወፍ ተመልካችነት የጎንደርን ሰው የሚስተካከል እስካሁን አላየሁም። ፈረንጁ ምን ያደርጋል? ባይኖኩላሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገና ሳይነጋ ይነሳል፣ አንገረብ ግድብ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ይጎለታል፣ ትንፋሹን ውጦ ሰዓት ሙሉ ሁለት ይብራ (ዝይ) ያያል። ዝይዋ አንገቷን ወደ ግራ ብታዞር ደብተሩን አውጥቶ ይጽፋል። ወደ ቀኝ ብትመልሰው እንደገና ይጽፋል። ያሳዝናል። እኛ ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለንም፣ ደግሞስ ቁጭ ያለች ወፍ ምኗ ይታያል? አንድ ጠጠር ወርወር ነው። ብድግ ትላለች፣ ክንፏ ይታያል፣ ቪዲዮው ይቀረጻል፣ አለቀ።

የሥራ ክፍፍሉን ሳላደንቅ አላልፍም። አንዱ ሞባይል ይይዛል፣ አንዱ ድንጋይ ይመርጣል፣ ሦስተኛው "ቆይ ቆይ፣ አልጀመረም፣ ድገመው!" ይላል። ወፏ ዞራ ስታርፍ ሁለተኛ ድንጋይ። ጀርባዋን ሰጥታ ካረፈች ደግሞ ሦስተኛ፣ ምክንያቱም ፊቷ ካልታየ ቲክቶክ ላይ አይሄድም። ከዚያ ዘፈን ይለጠፍበትና "ተፈጥሮን እንውደድ" ተብሎ ይለቀቃል። ላይኩ ይዘንባል። አንድ ሰው ብቻ ከስር "ድንጋዩን ማን ወረወረው?" ብሎ ይጠይቃል፤ እሱም ምቀኛ ነው።

የገጠር ልጅ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ ቢውል ምክንያት አለው። ማሽላውን ወፍ ከጨረሰበት ዓመቱን በምን ሊዘልቀው ነው? የከተማው ልጅ ግን የሚጠብቀው ማሳ የለውም። ሊበላትም አይደለም። ዳክዬና ዝይ መብላት የኛ ልማድ አይደለም፣ ለፋሲካ ይብራ አርዶ የሚያውቅ ጎንደሬ ካለ እጁን ያውጣ። አፋችን ጾሟል፣ እጃችን ግን እንደፈሰከ ነው። ያለ ምንም ጥቅም፣ ለፍቅር ብቻ የሚወረወር ድንጋይ ሌላ የት አገር ይገኛል?

ለእንግዶችማ ይብሳል። የፈረንጅ ክረምት ሲገባ ከአውሮፓና ከሩሲያ ተነስተው፣ ባሕርና በረሃ ተሻግረው ወደኛና ወደ ጣና ዳር የሚወርዱ ዳክዬዎች አሉ። ያን ሁሉ መንገድ የሚመጡት በሰውነታቸው ባጠራቀሙት ስብ ነው፤ ሲደርሱ ማረፍና መብላት አለባቸው፣ ለመልሱም ሌላ ስብ ያስፈልጋቸዋል። በደነበሩ ቁጥር ያቺው የቋጠሯት ትነድዳለች። እኛ ግን ደርሰው ገና ሳይተነፍሱ ጂም እናስገባቸዋለን።

አንገረብ ብቻ አይደለም። የፋሲለደስ መዋኛ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ሲሞላ ብቅ የምትል ወፍ ካለች እሷንም እንደ ወጋችን እንቀበላታለን። አንድ ነገር ብቻ አደራ። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፣ ስለዚህ ከግንቡ የወደቀ ድንጋይ አንስቶ መወርወር ነውር ነው። የመንገድ ዳሩን ተጠቀሙ፣ ሞልቷል።

ሕግ የለም እንዳትሉ ደግሞ፣ ሕግማ አለን። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ላደነ ሰው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ቆርጦለታል፣ ሁለቱንም ደርቦ መቀበልም ይቻላል። ግን እኛ መቼ አደንን? ወደ ቤት ይዘን የምንሄደው ቪዲዮውን ነው። ድንጋዩ ያገኛትን ወፍ እዚያው ነው ትተናት የምንሄደው፣ ንጹሕ ሰዎች ነን። አገራችን ደግሞ የአፍሪካና ዩራሺያ ፍልሰተኛ የውሃ ወፎች ስምምነት አባል ናት። 255 ዝርያ ወፍ ከተነሳበት እስከሚያርፍበት ድረስ ይጠበቅ የሚል ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሄግ ላይ ተቀምጠው ሲስማሙ የአንገረብን ጎረምሳ ያማከረው አለ?

አሜሪካኖችማ ለይቶላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1918 ያወጡት የፍልሰተኛ ወፎች ሕግ ወፏን መግደል ቀርቶ መሬት ላይ የወደቀ ላባዋን ያለ ፈቃድ አንስቶ ቤት ማስቀመጥም ይከለክላል። በዚያ ዘመን ላባ የሴቶች ባርኔጣ ጌጥ ሆኖ አንዳንዱ ወፍ ዘሩ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ይሄ ሕግ እኛ ጋ ቢመጣ፣ ከምሳ በኋላ ደጃፉ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ በላባ ጆሮውን የሚኮረኩር አባወራ ሁሉ ላባው የዶሮ መሆኑን በምስክር ያስረዳ ነበር ማለት ነው።

ደግነታችንም ይነገር። ድንጋይ ያልወረወረ ዳቦ ይወረውራል፣ ቺፕስ ይወረውራል፣ ለጋስ ከሆነ ከነላስቲኩ። ዳቦው ሆዷን ከመሙላት በቀር ለወፏ የሚፈይድላት ነገር የለም፣ ያልበላችው ደግሞ ውሃው ውስጥ ይበሰብሳል። አንገረብ የከተማው የመጠጥ ውሃ ስለሆነ የሰጠነው ነገር ዞሮ በቧንቧ ወደኛው ይመጣል። ቧንቧው ውሃ ሲኖረው ማለቴ ነው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ወፎቹ መተባበር ትተዋል። ድሮ እስክንጠጋቸው ይጠብቁን ነበር፣ አሁን ገና ባጃጁ ሲቆም አይተው ውሃው መሀል ይገባሉ። አስባችሁታል? ሆን ብሎ፣ ድንጋይ የማይደርስበት ቦታ ሄዶ መቀመጥ! በእንግዳ ተቀባይ ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ኩራት አይቼ አላውቅም። ድሮን ያለው ልጅ ካለ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግድቡ ጋ እንገናኝ።