«ራሳቸው ይደርሳሉ» ማለት በልጆቹ ላይ መፍረድ ነው

በንባብ፣ በጽሕፈትና በስሌት ወደኋላ ለቀሩ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲሰጥ የቆየው የመሠረታዊ ክህሎት ማካካሻ ፕሮግራም እንዲቋረጥ፣ በየቀኑ የተመደበለት ክፍለ ጊዜም ወደ መደበኛው ትምህርት እንዲመለስ ሰሞኑን ተወስኗል። ውሳኔው ያሳዝናል፤ ይበልጥ ያስቆጣኝ ግን ውሳኔውን ያሳለፉት ኃላፊ እርሱን ለማስረዳት የደረደሯቸው ምክንያቶች ናቸው። እንደ እርሳቸው አባባል ልጆችን ከጓደኞቻቸው ለይቶ ማስተማር ሞራላቸውን ይነካል፤ የክፍል መምህራን በመደበኛው ሰዓት ሊደግፏቸው ይችላሉ፤ ደግሞም ልጅ ሁሉ እኩል ፍጥነት ስለሌለው ጊዜ ሲያገኙ ራሳቸው ይደርሳሉ። ሦስቱም ለጆሮ የሚጥሙ ናቸው፤ አንዱም ግን ሲመረመር አይቆምም።

ከሞራሉ ልጀምር፤ ከሦስቱ ደካማው እርሱ ነውና። ማንበብ ያልቻለ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ከጓደኞቹ ያልተለየ የሚመስለው ከሩቅ ለሚያየው ሰው ብቻ ነው። መምህሯ ተራ በተራ ምንባብ ስታስነብብ ይህ ልጅ የሚደርሰውን አንቀጽ አስቀድሞ ይቆጥርና አጠገቡ ያለው ልጅ በሹክሹክታ እንዲነግረው ይለምናል። ከሰሌዳ የሚገለብጠውን ጽሑፍ የፊደሎቹን ቅርጽ እየሣለ ይጨርሰዋል እንጂ ምን እንደሚል አያውቅም። የፈተና ወረቀት ሲመለስ ማንም ሳያይበት ደብተሩ ውስጥ ይሸጉጣል። ማን እንደሚያነብና ማን እንደማያነብ የክፍሉ ልጆች ከመምህሯ ቀድመው ያውቃሉ። ታዲያ ሞራሉ የሚነካው በየቀኑ በእኩዮቹ ፊት ሲሸነፍ ነው ወይስ በቀን አንድ ሰዓት በደረጃ ከሚመስሉት ልጆች ጋር ተቀምጦ ሊያነበው የሚችለውን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ሲጨርስ? ለልጁ ክብር እንቆረቆራለን የሚሉ ሰዎች ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ የሚቀመጥበትን ወንበር እንደ ክብር መቁጠራቸው ሊገባኝ አልቻለም።

«ይደርሳሉ» የሚለውም በተግባር የታየ ነገር አይደለም። ኮኒ ጁል የተባሉት ተመራማሪ 54 ልጆችን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንደኛ ክፍል መጨረሻ ደካማ አንባቢ የነበረ ልጅ በአራተኛ ክፍል መጨረሻም ደካማ አንባቢ ሆኖ የመገኘቱ ዕድል 88 በመቶ ነበር። የተጠኑት ልጆች ጥቂት ናቸው የሚል ካለ ከአምስተኛ ክፍል የማያነቡትን ይለይና የሁለተኛ ክፍል መምህራቸውን ይጠይቅ፤ ስማቸውን ሳትሳሳት ትዘረዝርለታለች። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ማንበብ የቻለ ልጅ ስለሚቀለው ብዙ ያነባል፤ ባነበበ ቁጥርም ቃላቱና ዕውቀቱ ይሰፋሉ። ያልቻለው ግን ንባብን ስለሚሸሽ በየዓመቱ ይበልጥ ይርቃል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚኖሩ የ10 ዓመት ልጆች 53 በመቶ ያህሉ ቀላል ታሪክ አንብበው መረዳት እንደማይችሉ አስታውቆ ነበር፤ በ2022 ደግሞ ግምቱን ወደ 70 በመቶ ከፍ አድርጎታል። እነዚህ ልጆች ሁሉ ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር።

ዋናው ነገር ግን ሥርዓተ ትምህርቱ ማንንም የማይጠብቅ መሆኑ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት አለብኝ። ልጅ ማንበብ እንዲማር የሚፈቀድለት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላ ሳይንሱም፣ ታሪኩም፣ የሒሳቡ የቃላት ጥያቄ ሳይቀር ንባብን እንዳለቀ ጉዳይ ቆጥሮ ይጀምራል። የአሥር ቤትና የአንድ ቤት ልዩነት ያልገባው ልጅ በመዋስ መቀነስ አይችልም፤ መቀነስና ማባዛት ያልቻለውን ደግሞ ረጅም ማካፈል እናስተምርህ ማለት ማሠቃየት ነው። የሦስተኛ ክፍል መምህር ከታች የመጣውን ጉድለት ልሙላ ቢል እንኳ ለዚያ የተመደበ ምዕራፍ የለውም። የሚገመገመው መጽሐፉን በመጨረሱ ነው፤ መጽሐፉን የሚጨርሰውም መከተል ከቻሉት ጋር ነው። ልጆችን በዕድሜያቸው በየክፍሉ እንመድባለን፤ ዕውቀታቸው ግን በዕድሜ አልተመደበም። በአንድ አራተኛ ክፍል ውስጥ ፊደል በቅጡ የማይለይ፣ ቃል እየቆራረጠ የሚያነብ፣ አቀላጥፎ አንብቦ ያነበበውን የማይረዳ፣ መጽሐፉን ቀድሞ የጨረሰም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ለእነዚህ ሁሉ በአንድ ሰዓት አንድ ምዕራፍ ሰጥቶ ሁሉንም አስተምሬአለሁ የሚል ሥርዓት ራሱን እያታለለ ነው።

ልጁን ባለበት ደረጃ ማስተማር ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ተለክቷል። ፕራታም የተባለው የህንድ ድርጅት ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶችን ሁለት ሳምንት ያህል አሠልጥኖ፣ በቫዶዳራና በሙምባይ ከተሞች ከሦስተኛና ከአራተኛ ክፍል ወደኋላ የቀሩትን 15 እስከ 20 ልጆች በቀን ሁለት ሰዓት ከክፍል እያወጡ መሠረታዊ ንባብና ስሌት እንዲያስተምሯቸው አድርጎ ነበር። ከጊዜ በኋላ በ2019 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተጋሩት አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ፕሮግራሙን የሚያገኙትን ትምህርት ቤቶች በዕጣ ለይተው ውጤቱን ሲለኩ፣ ይበልጥ የተጠቀሙት ደካሞቹ ልጆች ሆነው ተገኙ። ክፍል ውስጥ የቀሩት ግን የተማሪው ቁጥር ቀንሶላቸውም ይህን ያህል አልተለወጡም። ወጪው በዓመት ለአንድ ልጅ 2.25 ዶላር ገደማ ነበር፤ ስለዚህ በጀት የለም የሚል መልስ ከመጣም አስቀድሜ አልቀበለውም።

የክፍል መምህራን በመደበኛው ሰዓት ይደግፏቸዋል የተባለውም ቢሆን ተሞክሮ ታይቷል። በዚያው በህንድ በቢሃር ግዛት መምህራኑ ቁሳቁሱንና ሥልጠናውን አግኝተው ወደ ተለመደው አሠራር ሲመለሱ የልጆቹ ውጤት አልተነቃነቀም። በሌላዋ የህንድ ግዛት በሃሪያና ግን በትምህርት ቀኑ ውስጥ አንድ ሰዓት ተለይቶ፣ ልጆቹ ክፍላቸው ቀርቶ በደረጃቸው ተመድበው፣ ተቆጣጣሪዎችም እየተከታተሉ ሲሠራ፣ የመንግሥት መምህራኑ ራሳቸው የልጆቹን የቋንቋ ውጤት ከፍ አደረጉ። ኃላፊው የሰረዙት ያንኑ ሰዓት ነው።

በእኔ ላይ ሊመዘዝ የሚችል አንድ ማስረጃ እንዳለ አውቃለሁ። ከኒውዚላንድ ተነስቶ አሜሪካ የገባው ሪዲንግ ሪከቨሪ የተባለው የአንድ ለአንድ ፕሮግራም በአንደኛ ክፍል ታላቅ ውጤት አሳይቶ ነበር፤ በ2022 ይፋ በሆነ የክትትል ጥናት ግን ተማሪዎቹ በሦስተኛና በአራተኛ ክፍል ከአቻዎቻቸው ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። በእኔ እምነት ይህ የሚያስከስሰው የማካካሻን ሐሳብ ሳይሆን ልጁ ቃሉን ከፊደልና ከድምፅ አንብቦ ከማውጣት ይልቅ ከሥዕልና ከዐውድ እንዲገምት የሚያለማምድ አካሄድን፣ ከዚያም ከጥቂት ወራት በኋላ ያለ ክትትል መተዉን ነው። በተመሳሳይ፣ ልጅ ገብቶበት የማይወጣበት የማካካሻ ክፍል መጥፎ መሆኑን እቀበላለሁ። መድኃኒቱ ልጁን በየጥቂት ሳምንቱ መመዘንና ሲደርስ ወደ ክፍሉ መመለስ ነው፤ ለመመዘን የሰነፈ ትምህርት ቤት ስንፍናው ፕሮግራሙን ለመዝጋት ምክንያት ሊሆንለት አይገባም።

ክፍለ ጊዜው ለልጆቹ እንዲመለስ እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ ደግሞ ኃላፊው ቢያንስ አንድ ነገር ያድርጉ፤ ፕሮግራሙ የተቋረጠባቸውን ልጆች አሁን አንድ አጭር አንቀጽ ያስነብቡ፣ የዓመቱ ትምህርት ሲያበቃ እነዚያኑ ልጆች እንደገና ያስነብቡ፣ ሁለቱንም ውጤቶች ለወላጆቻቸው ይግለጹ። ልጆቹ ራሳቸው እንደሚደርሱ እርግጠኛ የሆነ ሰው ይህን የሚፈራበት ምክንያት አይታየኝም።