እጅ ብቻ አይደለም
«የሆስፒታል ኢንፌክሽን ሁሉ ከባለሙያው እጅ ነው የሚመጣው» መባሉ አልተዋጠልኝም። እጅ መታጠቡ ላይ ክርክር የለኝም፣ ነርስ ነኝ። ግን ሜልበርን ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ክሌብሲየላ የተባለው ባክቴሪያ ካመጣቸው ኢንፌክሽኖች ግማሽ ያህሉ በሽተኛው ራሱ ይዞት ከነበረው ባክቴሪያ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። አንጀት ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ሲገባ ወደ ሽንት ፊኛ፣ ሲብስም ወደ ደም ይሻገራል። እኛ ደግሞ ለትንሹም ለትልቁም የምንሰጠው ሴፍትሪያክሶን የተባለውን አንቲባዮቲክ ነው። መድኃኒቱ በሐሞት በኩል አንጀት ይደርስና ደህናዎቹን ባክቴሪያዎች ይጠርጋል፤ መድኃኒቱን ለተላመደው ባክቴሪያ ሜዳው ለብቻው ይሆንለታል። «አስታማሚዎችስ ኢንፌክሽን አያስተላልፉም ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ልክ ነሽ። ፖፖ ደፍቶ፣ ጓንት የለ ሳሙና የለ፣ በዚያው እጁ በሽተኛውን የሚያጎርስ ስንቱን አያለሁ።