ሱፐርማን የማን ልጅ ነው?

ደሴ ፒያሳ ያለ አንድ ካፌ በሩ ላይ የቅዳሜ ማታ ፊልሞችን ዝርዝር ይለጥፋል። ሰሞኑን የተለጠፈችው ወረቀት በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈች ናት። ሦስተኛው መስመር ላይ «ሱፐርማን፣ አዲሱ» ይላል። በላዩ ላይ ግን ቀይ ተሰርዞበታል፤ ከጎኑም በዚያው ቀይ እስክሪብቶ «ኦሪጅናሉ ይከበር» የሚል ተጨምሮበታል። አስተባባሪዎቹ ተሰብስበው፣ እጅ አውጥተው የወሰኑት ነው አሉኝ። በምትኩ እ.ኤ.አ. የ1978ቱ ይታያል።

ምክንያቱን ጠየቅሁ። ሱፐርማን ተደብድቦ ደም ሲተፋ ማየት ክብሩን ይነካል አሉ። ዳይሬክተሩ ጄምስ ገን የስደተኛ ታሪክ ነው ብሎ በመናገሩ ፖለቲካ ገብቶበታል አሉ። ከሁሉም የከፋው ግን ፊልሙ፣ ሱፐርማንን ሕፃን ሳለ ክሪፕተን ከምትባል ሌላ ዓለም ወደ ምድር የላኩትን ወላጅ አባቱንና እናቱን አዋርዷል የሚለው ነው። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ማኪያቶውን እያማሰለ «የአባቱን ቃል ያልጠበቀ ልጅ ጀግና አይባልም» ብሎ ደመደመልኝ። ደሴ ያን ዕለት ጭጋግ ለብሳ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ ግን ሞቆኝ ወጣሁ።

በቀላሉ ከሚፈርሰው ልጀምር። ኦሪጅናሉ የትኛው ነው? ክሪስቶፈር ሪቭ የተጫወተበት የ1978ቱ ፊልም ሲወጣ ሱፐርማን አርባ ዓመቱን ደፍኖ ነበር። ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት የክሊቭላንድ ወጣቶች የፈጠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1938 አክሽን ኮሚክስ በተባለው መጽሔት የመጀመሪያ እትም ላይ የወጣው ሱፐርማን መብረር አያውቅም። ይዘላል፤ ረጅም ፎቅ ተሻግሮ ይዘላል፤ ግን አይበርም። ለቆዳው ጥንካሬ የተሰጠው መግለጫም ከሚፈነዳ የመድፍ ጥይት ያነሰ ነገር አይበሳውም የሚል ነው። መድፍ ይበሳዋል ማለት ነው! ደም አይፈሰውም የተባለለት ጀግና ሲወለድ ጀምሮ የሚቆስል ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ራሱ አሳታሚው ገደለው፤ ተለቀሰለት፤ ኋላም ተነሣ። ክሪፕቶናይት የሚባለው የሚያደክመው ድንጋይ እንኳን ከመጽሔቱ የመጣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1943 የሬዲዮ ድራማ ነው የወለደው። ከሱሪው በላይ የሚለብሳትን ቀይ ቁምጣ እ.ኤ.አ. በ2011 አወለቁት፣ በ2018 መለሱለት። ለቁምጣዋም እንዲሁ ተለቅሶላት እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። አዲሱ ፊልም ቁምጣዋን አልብሶ ሲመጣ ደስ ያለው ሰው፣ ብዙም ሳይቆይ የሚያዝንበት ሌላ ነገር ፈለገ።

ኦሪጅናሉ ይከበር ከተባለ እንግዲህ በሪውን ሪቭንም ሰርዙትና ቅዳሜ ማታ ሲዘል የሚውለውን አሳዩን። ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። የሚከበረው ኦሪጅናል ሳይሆን የአስተባባሪዎቹ የልጅነት ትዝታ ነው። ትዝታ መውደድ መብት ነው፤ ትዝታን ሕግ አድርጎ በር ላይ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስደተኛ መባሉ ያስቆጣውን የወሎ ሰው ምን እንደምለው አላውቅም። ከኮምቦልቻ እስከ ባቲ ባለው መንገድ ዳር በየቤቱ ግቡና ባሕር ተሻግሮ የሄደ ልጅ ፎቶ ግድግዳው ላይ እንዳለ እዩ። ሲገልም ሹስተርም ከአውሮፓ የተሰደዱ አይሁድ ልጆች ናቸው። ሕፃን ልጁን ጭኖ ወደማያውቀው አገር የሰደደ ወላጅ ታሪክ ስደት ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ሽርሽር?

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ወላጆቹ ነገር። ፊልሙን ላላየ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሱፐርማን ከክሪፕተን ወላጆቹ የተላከለት መልእክት አለው፤ ግማሹ ተበላሽቷል። ሲከፋው የሚያጽናናው በጎ ሥራ የሚልበት የመጀመሪያው ግማሽ ነው። ጠላቱ ሌክስ ሉተር የተበላሸውን ግማሽ አስጠግኖ ለዓለም አሰማው። እዚያኛው ግማሽ ላይ ወላጆቹ የሚሉት ሌላ ነው፤ የምድር ሰዎች ደካሞች ናቸው፣ ግዛቸው፣ ብዙ ሚስት አግባ፣ ዘራችንን መልስ ይላሉ። መልእክቱም የሉተር ፈጠራ ሆኖ አልተገኘም፤ እውነተኛ ነው። «ቅዱሱን አባት ወራሪ አደረጉት» የሚባለው ለዚህ ነው።

ቅዱሱ አባት ግን ከየት መጣ? በ1938ቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አባትየው ስም እንኳን የለውም። አንድ ሳይንቲስት ነው፤ ልጁን በጥድፊያ በተሠራች መንኮራኩር ይሰዳል፤ አለቀ። መልእክት የለ፣ ኑዛዜ የለ። ሕፃኑን መንገደኛ ባለመኪና አግኝቶ ለሕፃናት ማሳደጊያ ያስረክበዋል። አሳዳጊው የኬንት ቤተሰብ እንኳን የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ነጭ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ብርሃን ተከቦ፣ ከመስታወት ውስጥ የሚመክረው ግርማ ሞገሳም አባት የ1978ቱ ፊልም ተዋናይ ማርሎን ብራንዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ የኮሚክ ደራሲው ጆን በርን ታሪኩን እንደገና ሲጽፈው ክሪፕተንን ፍቅር የጠፋባት፣ በድን ምድር አድርጎ ሣላት። ያኔ ደሴ ውስጥ ማንም አልተቆጣም። (ኮሚክ መጽሔት የሚያነብ ብዙም አልነበረም፣ ይህን አልክድም።)

ደግሞስ እነዚሁ የክብር ጠባቂዎች እ.ኤ.አ. በ2013ቱ ፊልም ሱፐርማንን የተጫወተው ሄንሪ ካቪል የጠላቱን የዞድን አንገት ሲሰብር የት ነበሩ? ያ አስተባባሪ የዚያን ፊልም ምስል ስልኩ ጀርባ ላይ ለጥፎ ይዞራል። አንገት ሲሰብር ጀግና ነው፤ ለአባቱ የወረራ ትእዛዝ እምቢ ሲል ግን ክብሩ ተነካ! ይህን ሚዛን የት ገበያ እንደሚሸጡት ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የእኔ ነገር አጭር ናት። ሱፐርማን ጉዲፈቻ ነው። ካንሳስ ውስጥ ያሉ ገበሬዎች ያሳደጉት የሰው ልጅ ነው። መብረሩም፣ ከዓይኑ እሳት ማውጣቱም ከሌላ ዓለም የመጣ ነው፤ ሲበር የሚያወርደው እጅ ግን የኬንቶች ነው። ይህን ከማንም በፊት ሊረዳ የሚገባው የእኛ አገር ሰው ነበር፤ ምክንያቱም የሰው ልጅ ማሳደግ ለወሎ ሰው በፊልም የሚነገረው ነገር አይደለም።

አያቴ ሰኞ ገበያ ትኖር ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከመጠለያ አንድ ልጅ ይዛ መጣች፤ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከልጆቿ መሀል አስተኛችው፤ ነገሩ በዚሁ ተፈጸመ። ወረቀት አልተፈረመም፤ ዳኛ አልተጠየቀም። እኔ አያ እያልኩት አደግሁ፤ ስህተት ስሠራ የቆነጠጠኝ፣ ሰው ሲነካኝ የደረሰልኝ እሱ ነው። ከዚያ በ1987 ዓ.ም. ክረምት፣ ሞቷል የተባለው ወላጅ አባቱ በር አንኳኳ። ከሩቅ ገጠር በእግሩ ነበር የመጣው። ተቀምጦ ውሃ እንኳን ሳይጠጣ የመጣበትን ተናገረ። የወንድሙ ደም አልተመለሰም፤ የገዳዩ ልጅ ጎርምሷል፤ እሱ ግን አርጅቷል። «ወንድ ልጅ የወለድኩት ለዚህ ነው» አለ፤ ሁላችንም እየሰማን።

አያ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። መልስ አልሰጠም። ውሃ አሞቀ፤ ሳፋውን አቀረበና ተንበርክኮ የአባቱን እግር ማጠብ ጀመረ። እኔ ፎጣ ይዤ ቆሜ ነበር። ውሃው በአንዴ ቡና መሰለ፤ ደፍቶ ሌላ ቀዳ፤ ተረከዙ ላይ የነበረውን ንቃቃት በጣቱ ቀስ እያደረገ አጸዳው። አያቴ ምድጃው ጋ ተቀምጣ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ጠዋት አባቱን እስከ መናኸሪያ ሸኘው። የራሱን ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አደረገለት፤ እሱ ግን መኪናው ላይ አልወጣም። ብቻውን በዝናብ ተመለሰ፤ እንጨት መፍለጥ ጀመረ። አባቱ እስኪሞት ድረስ በየበዓሉ ገንዘብ ይልክለት ነበር፤ ስሙን በክፉ ሲያነሣ ግን ሰምቼው አላውቅም።

እስቲ ያ ማኪያቶ አማሳይ ይመልስልኝ። አያ አባቱን አዋርዷል? የአባት ዕዳ ለልጅ ነው ብሎ ገበሬ ገድሎ ቢመጣ ኖሮ የአባቱን ቃል ጠበቀ ተብሎ ይጨበጨብለት ነበር? ፊልሙ የሠራው ከዚህ የተለየ አይደለም። ልጁ መልእክቱን ሰማ፣ ተሰበረ፣ አፈረ፤ ወደ ካንሳስ ተመለሰ። እዚያም ያሳደገው ገበሬ፣ ወላጅ ልጁን ምን እንደሚሆን ሊወስንለት አይችልም፤ ማንነቱ በሥራውና በምርጫው ነው የሚል ነገር፣ ቃላት እያጠሩት፣ በተሰባበረ አንደበት ይነግረዋል። ብራንዶ በዚያ ሁሉ ብርሃን ውስጥ ቆሞ ይህን የሚያህል ነገር አልተናገረም። ካላመናችሁ ቅዳሜ ማታ ስታሳዩት አድምጡት።

መጨረሻውን ደግሞ አስታውሱ። ሱፐርማን ቆስሎ በረዶ ቤቱ ውስጥ ሲታከም፣ እንዲረጋጋ ወላጆቹን ያሳዩታል። ስክሪኑ ላይ የሚመጡት የክሪፕተን ሰዎች አይደሉም፤ በቤት ካሜራ የተቀረጹት ኬንቶች ናቸው፤ እየተንቀጠቀጠ የሚታይ ሥዕል፣ ትንሽ ልጅ፣ ግቢ ውስጥ የሚሯሯጥ። ይህን አይቶ አባቱን አዋረደ የሚል ሰው ወይ ፊልሙን አላየውም፣ ወይ ግማሹ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ሦስተኛ ምክንያት አይታየኝም።

እንከን የለበትም አልልም። ጀግናው በዝቷል፤ ቀልዱም አንዳንዴ ጨው እንደበዛበት ወጥ ነው። ያ ክሪፕቶ የሚባል ውሻ ደግሞ በየደቂቃው እየዘለለ የሚገባው ለምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም ነበር።

ባለፈው እሑድ ላፕቶፔን ይዤ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ አያ ጋ ሄድኩ። እዚያ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ሱፐርማንን ከልጆቹ ቦርሳ ላይ ካለው ሥዕል በቀር አያውቀውም። ሰጋቱራውን ከጠረጴዛው ላይ በክንዱ ጠርጎ ላፕቶፑን አስቀመጥንና እኔ እየተረጎምኩለት አየነው። የወላጆቹ መልእክት ሲሰማ መላጊያውን ይዞ ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ኬንቶቹ ስክሪኑ ላይ ሲመጡ ግን «ደህና ሰዎች ጋ ነው የወደቀው» አለ። ካለቀ በኋላ ሻይ እየጠጣን ስለ ጠቡም ስለ ጦርነቱም አልጠየቀኝም።

«ያ ውሻ የሱ ነው?»

«የአጎቱ ልጅ ውሻ ነው፤ እሱ እየጠበቀላት ነው።»

አያ ፈገግ ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እሱም ያሳድጋላ!»