ታካሚም ሸማች ነው

ሕንድ ታክሞ የተመለሰ ዘመድ ለመጠየቅ የሄደ ሰው ያን ትልቅ ፖስታ ያውቀዋል። የኤምአርአይ ፊልሙ፣ ደረሰኙና የመድኃኒት ማዘዣው ተደራርበው ይገቡበታል፤ ወር ሳይሞላው ግን ቁም ሣጥን ላይ ተጥሎ ይረሳል። በእኔ እምነት ቤተሰቡ በእጁ ካሉት ንብረቶች ሁሉ አጥብቆ ሊጠብቀው የሚገባው ይህንኑ ፖስታ ነው።

የሕንድ ሐኪሞች ማኅበር ሕክምና ሙያ እንጂ በሸማቾች ሕግ የሚዳኝ አገልግሎት አይደለም ብሎ ቢከራከርም፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 ከፍሎ የሚታከም ሰው የ1986ቱ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ተጠቃሚ መሆኑን ወስኗል። ሁሉንም በነጻ የሚያክሙ ተቋማት ብቻ ከሕጉ ውጭ ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ ከተሰጡት ውሳኔዎች በካሳው መጠን ስሙ የሚነሳው የኮልካታው ጉዳይ ነው። አሜሪካ የምትኖር ትውልደ ሕንድ ሴት በ1998 ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ ቆዳዋ ላይ ሽፍታ ወጣባት፤ ስቴሮይድ የተባለው አለርጂና እብጠት የሚያስታግስ መድኃኒት ከመጠን ባለፈ ተሰጣትና ሕይወቷ አለፈ። የሸማቾችን አቤቱታ የሚዳኘው ብሔራዊ ኮሚሽን የባሏን አቤቱታ መጀመሪያ ውድቅ አደረገው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 ወደ 60 ሚሊዮን ሩፒ የሚጠጋ ካሳ ከነወለዱ እንዲከፈል እስኪያዝ ድረስ 15 ዓመት አልፏል። ባልየው ራሱ ሐኪም ነው፤ የታዘዘውን መጠን አንብቦ ከሙያው መመዘኛ ጋር ማስተያየት ይችላል። ቤቱን ሸጦ፣ ቋንቋውን ሳያውቅ፣ ልጁን ይዞ የሕንዷ ከተማ ቼናይ የገባ አባት ግን ያለ ሰነድ ምን ብሎ ይከራከራል?

እንዲህ ያሉ ውሳኔዎች ሐኪሞችን ያሸማቅቃሉ የሚለውን ስጋት አልንቀውም። ሆኖም ያው ፍርድ ቤት በ2005 ሐኪም በወንጀል የሚጠየቀው ከባድ ቸልተኝነት ሲገኝበት ብቻ እንደሆነ ደንግጓል፤ ሕመምተኛው ስላልዳነ ብቻም ሐኪሙ ጥፋተኛ አይባልም። ሐኪሙን ከማሰር ይልቅ ተጎጂውን መካስ ለሁለቱም ወገን የተሻለ መንገድ ነው።

አቤቱታ የሚቀርበው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። የሕንድ የሐኪሞች ሥነ ምግባር ደንብ ደግሞ ታካሚው ወይም ወኪሉ ሲጠይቅ የሕክምና መዝገቡ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጠው ያዛል። ስለዚህ አስታማሚው ሆስፒታሉን ከመልቀቁ ቢያንስ ሦስት ቀን አስቀድሞ የነርሶችን መከታተያና የመድኃኒት መስጫ ቅጾችን ጨምሮ ሙሉ ፋይሉን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የማመልከቻውንም ቅጂ ማኅተም አስመትቶ ከዚያው ፖስታ ውስጥ ያኑር።