ደመወዛቸው ያልተመዘገበው 325 ሴቶች

ማይክሮኢኮኖሜትሪክስ የግለሰቦችንና የቤተሰቦችን ኢኮኖሚያዊ ውሳኔ በስታቲስቲክስ የሚመረምር ዘርፍ ነው። ሰው ሥራ ሲይዝ፣ ሲቆጥብ፣ አንዱን መጓጓዣ ከሌላው ሲመርጥ ምን እንደሚገፋፋው ይጠይቃል። ትምህርቱ የሚሰጥበት ቅደም ተከተል ግን አብዛኛውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው ባይ ነኝ። ተማሪው መጀመሪያ ቀመሩን ይሸመድዳል፤ ቀጥሎ የሶፍትዌሩን ትእዛዝ ይለማመዳል። መረጃው ከማን እንደተሰበሰበና ማን እንደቀረ የሚጠይቀው፣ ከጠየቀም፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲጀምር ነው።

በመማሪያ መጻሕፍት የሚዘወተር አንድ መረጃ አለ። 753 ያገቡ አሜሪካውያን ሴቶችን ይዟል፤ በ1975 እ.ኤ.አ. ለደመወዝ የሠሩት 428ቱ ናቸው። ትምህርት የሴቶችን ደመወዝ ምን ያህል ያሳድጋል ብለን ብንነሣ፣ የ325ቱ ደመወዝ በእጃችን የለም። በ428ቱ ብቻ ማስላት ቀላል ነው፤ ነገር ግን የቀሩት በዕጣ አልቀሩም። ብዙዎቹ የሚያገኙት ክፍያ ከቤት መውጣታቸውን የማይክስ ሆኖባቸው ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ በእጃችን ያለው የሁሉም ሴቶች ታሪክ አይደለም።

ኢኮኖሚስቱ ጄምስ ሄክማን በ1979 እ.ኤ.አ. ያቀረበው መፍትሔ ሁለት ደረጃ አለው፦ መጀመሪያ ሥራ የመያዝን ዕድል መገመት፣ ከዚያ በዚያ ግምት የደመወዙን ስሌት ማረም። ስሌቱ አስተማማኝ እንዲሆን ሥራ መያዝን የሚነካ፣ ደመወዝን ግን በቀጥታ የማይነካ ተለዋዋጭ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ የትናንሽ ልጆች ቁጥር ነው።

የተማሪዎቹ ክፍል ቆም ብሎ መከራከር ያለበት እዚህ ላይ ነው። ለልጇ ስትል ሰዓቱ የሚመቻትን፣ ለቤቷ የቀረበውን ሥራ የመረጠች እናት ክፍያዋ ዝቅ ቢልስ? በስሌቱ የሥራ ልምድ ዓመታትን ብንጨምርም ጥያቄው አይዘጋም። ኮምፒውተሩ ግን የልጆች ቁጥር ደመወዝን በቀጥታ አይነካም የሚለው ታሳቢ ልክ ቢሆንም ባይሆንም ያው ቁጥር ያወጣል፤ ታሳቢው መሰንጠቁን አይናገርም።

ሒሳቡ ይቀነስ ማለቴ አይደለም። ከሄክማን ጋር በ2000 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተጋራው ዳንኤል ማክፋደን፣ በሳንፍራንሲስኮ አካባቢ አዲሱ ባቡር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰዎች ከአማራጮች አንዱን የመምረጥ ዕድላቸውን በሚገምተው ሞዴሉ 6.3 በመቶ ተጓዥ ብቻ እንደሚጠቀምበት ተነበየ። ይፋዊው ትንበያ 15 በመቶ ነበር፤ የሆነው 6.2 በመቶ ነው። ይህን የመሰለ ውጤት ያለ ጠንካራ ሒሳብ አይገኝም።

ሒሳቡም የታሳቢው ክርክርም አብረው እንዲሄዱ፣ የኮርሱ የመጀመሪያ መልመጃ የኢኮኖሚስቱ የሮበርት ላሎንድ የ1986 እ.ኤ.አ. ሥራ ቢሆን እመርጣለሁ። ላሎንድ ሠልጣኞች በዕጣ የተመደቡበትን የሥራ ሥልጠና ሙከራ ወሰደ፤ ትክክለኛውን የንጽጽር ቡድን፣ ማለትም በዕጣ ሳይሠለጥኑ የቀሩትን፣ አውጥቶ ከሌሎች ጥናቶች በተወሰዱ ሰዎች ተካው፤ ከዚያም የዘመኑ ዘዴዎች የሙከራውን ውጤት መልሰው ያገኙት እንደሆነ ፈተሸ። ብዙዎቹ አላገኙትም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ሥልጠናው ገቢ ቀነሰ አሉ። መረጃው ዛሬ ለማንም ክፍት ነው። ተማሪው በገዛ እጁ አስልቶ ይሳት፤ የሳተበትንም ምክንያት በጽሑፍ ያስረዳ። ከፈተናው ግማሹ ነጥብም ሶፍትዌሩ ላወጣው ቁጥር ሳይሆን፣ ተማሪው ታሳቢውን ለተከላከለበት ወይም ለጣለበት ክርክር ይሰጥ።