ችግር በቅቤ ያስበላል

«ችግር በቅቤ ያስበላል» ያሉት አበው ወጥ ያጣ ሰው እንጀራውን በቅቤ ሲጎርስ አይተው ነው። የሦስት ቀን «የፈጠራ አስተሳሰብና የችግር አፈታት ስልጠና» በዘመናቸው ስላልነበረ፣ ተረቱ የት ድረስ እንደሚያስኬድ አላወቁትም። ዛሬ አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ደህና ችግር ካለው አርባ ሠራተኛ ጭኖ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ይወርዳል። ረፋድ ላይ ሻይ ከሳምቡሳ ጋር፣ ቀትር ላይ ቡፌ፣ ማታ የአበል ፊርማ። ችግሩም አንድ ጭረት ሳይነካው በሰላም ወደ ቤቱ ይመለሳል። የምትታለብ ላም ማን ያርዳል?

እንዲህ ያለ ጥበብ በአፍ ብቻ ሲተላለፍ እንዳይጠፋ አሠራሩን ከነልኩ ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

መጀመሪያ ችግር ይመረጣል። ትንሽና የሚቆጠር ችግር ግን አይሆንም። «መስኮት ቁጥር 3 ላይ ሰው ለምን ይሰለፋል?» ብሎ መጠየቅ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ በእርሳስና በግማሽ ወረቀት ያልቃላ። አደጋውን ለማሳየት ያህል ብቻ እንቁጠረው። ጠዋት 2:30 መስኮቱ ሲከፈት 60 ሰው ቆሟል እንበል። የአንዱን ሰው ጉዳይ ለመጨረስ 6 ደቂቃ ይፈጃል። ከ60ዎቹ 20ዎቹ ግን ወይ የመታወቂያ ኮፒ ወይ ጉርድ ፎቶ ይጎድላቸውና፣ ለ4 ለ4 ደቂቃ ተነታርከው «ነገ አሟልታችሁ ኑ» ይባላሉ። አርባው በ6 ሲባዛ 240 ደቂቃ፣ ሃያው በ4 ሲባዛ 80 ደቂቃ፣ ድምሩ 320። የምሳ ሰዓት ሲጨመርበት የመጨረሻው ሰው የሚወጣው 8:50 ላይ ነው። ነገ ከሚቆሙት 60 ሰዎች ደግሞ 20ዎቹ የዛሬዎቹ ናቸው። የቀኑ እውነተኛ ባለጉዳይ እንግዲህ 40 ነው ማለት ነው፤ ሥራውም ምሳ ሰዓት ላይ 6:30 ባለቀ ነበር። የቀረውን ሰልፍ መሥሪያ ቤቱ በራሱ ወጪ ያመርተዋል። መድኃኒቱ የሚያስፈልጉትን ሰነዶች ዝርዝር በትልቁ ጽፎ ከመስኮቱ ላይ ሳይሆን ከውጭው በር ላይ መለጠፍ፣ ጠዋት ላይም ለግማሽ ሰዓት አንድ ሠራተኛ በሰልፉ መካከል እየዞረ የያዙትን እንዲያይ ማድረግ ነው።

አያችሁ? አለቀ። ለሦስት ቀን የተያዘው አዳራሽ ምን ሊውጠው ነው? ስለዚህ ርዕሱ ይሰፋል፦ «ተገልጋይ ተኮር አገልግሎት አሰጣጥን በፈጠራ አስተሳሰብ ማዘመን»። በዚህ ርዕስ ውስጥ መስኮት የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ኮፒ የለም። ባነር ላይ ሲጻፍም ያምራል።

ቀጥሎ «ብሬይንስቶርሚንግ» የሚባለው በቡድን ሐሳብ ማፍለቅ ይመጣል። ይህን ነገር ዝነኛ ያደረገው አሜሪካዊው የማስታወቂያ ሰው አሌክስ ኦስቦርን ነው። አራት ሕጎች አሉት፦ ሐሳብ በሚፈልቅበት ሰዓት ማንም ማንንም አይተች፤ ብዛት ይኑረው፤ ያፈነገጠ ሐሳብ ይበረታታ፤ አንዱ በሌላው ሐሳብ ላይ ይቀጥል። ሰውዬው ጥያቄው ጠባብና ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ትችቱም በኋላ ራሱን የቻለ ጊዜ እንደሚሰጠው ጨምሮ ተናግሯል፤ ይህን ክፍል በትርጉም ጊዜ ጥለነዋል። በእኛ አገር ትችት ለሌላ ጊዜ ተቀጥሮ እስካሁን እንደተቀጠረ ነው።

ሕጎቹን በአገር በቀል ጥበብ ያዳበርነውም እኛው ነን። በቡድኑ ውስጥ 12 ሰው ካለና አንድ ሰዓት ከተሰጠ ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ይደርሰዋል። ይህ ሥርዓት የለሽ እኩልነት ነው። የመምሪያ ኃላፊው ቀድመው ለ25 ደቂቃ «ለመነሻ ያህል» ይናገራሉ። የቀሩት 11 ሰዎች የተረፈችውን 35 ደቂቃ ለሦስት ለሦስት ደቂቃ ተካፍለው፣ «ቅድም እንደተባለው» ብለው ጀምረው «የተባለውን በማጠናከር» ብለው ይጨርሳሉ። ኦስቦርን አንዱ በሌላው ሐሳብ ላይ ይቀጥል ያለውን እንዲህ በምልዓት የፈጸመ ሕዝብ ያለ አይመስለንም። ከሁሉ በፊት የተሰማ ሐሳብ የሌሎቹን መንገድ እንደሚመራ፣ በተለይ የተናጋሪው ወንበር ከፍ ያለ ከሆነ፣ ማንም እረኛ ያውቀዋል፤ መሪዋ ላም የገባችበት መንጋው ይገባል።

አንዳንድ ምቀኛ ተመራማሪዎች ግን ነገሩን ሊያበላሹት ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 የዬል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አራት አራት ሆነው የሚያወሩ ቡድኖችን፣ አራት ሰዎች ለየብቻቸው ጽፈው ሐሳባቸው ከተደመረበት ጋር አወዳደሩ። የተደጋገመው ተቀንሶ እንኳ ለየብቻ የጻፉት በብዙ በለጡ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ዲልና ሽትሮብ ዋናውን ምክንያት ለዩት፦ ቡድን ውስጥ የሚናገረው በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ የቀሩት ተራ ሲጠብቁ ወይ የያዙትን ይረሱታል፣ ወይ እንዳይረሱት ሲይዙት አዲስ ማሰብ ያቆማሉ። መፍትሔው ርካሽ መሆኑ ነው የሚያናድደው። ለእያንዳንዱ ሰው ወረቀት ሰጥቶ 10 ደቂቃ በዝምታ ማጻፍ፣ ስም ሳይጻፍበት መሰብሰብ፣ ከዚያ መወያየት፤ ኃላፊውም መጨረሻ ላይ ይናገሩ።

በዝምታ ማሰብማ የኋላቀር ሥራ ነው። የቅኔ ተማሪ እንዲያ ነበር የሚያደርገው። ቀን ከሰው ተለይቶ ጥላ ሥር ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማታ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩ የሆነውን ይቀበላል፣ የዘመመውን ያርማል፣ ያልሆነውን ይጥላል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ የሚዘልቀው እንዲህ ነው፦ መፍጠሩ ለብቻ፣ ትችቱ በጉባኤ፣ ሁለቱም በየሰዓታቸው። ሳምቡሳ የለ፣ ማርከር የለ። ይህን የመሰለ ነገር በቤታችን እያለ ከሩቅ አገር ገዝተን፣ በግማሽ አጉድለን መጠቀማችን ትሕትናችንን ያሳያል።

ከምሳ በኋላ አዳራሹ ሲያንቀላፋ ዘጠኙ ነጥቦች ይወጣሉ። ሦስት በሦስት የተደረደሩ 9 ነጥቦችን እስክሪብቶ ሳይነሣ በ4 ቀጥታ መስመር ማገናኘት ነው። ላልደረሳችሁ፦ ከላይ ግራ ጥግ ተነሥታችሁ የላይኛውን ረድፍ አንድ እርምጃ አሳልፉ፤ ከዚያ በሰያፍ ወደ ታች ሁለቱን ነጥቦች ይዛችሁ ከግራው ዓምድ በታች አንድ እርምጃ ውረዱ፤ በግራው ዓምድ ቀጥ ብላችሁ ወደ መነሻችሁ ውጡ፤ በመጨረሻ መሃሉን ሰንጥቃችሁ ቀኝ ታች ጥግ ጨርሱ። አሰልጣኙ «አያችሁ፣ ከሳጥኑ ውጪ አስቡ!» ይላል፤ ጭብጨባ ይቀልጣል። እ.ኤ.አ. በ1981 ዌይስበርግና አልባ የተባሉ ተመራማሪዎች ለሰዎች አስቀድመው «መስመሩ ከሳጥኑ መውጣት አለበት» ብለው ነግረዋቸው ነበር። አብዛኞቹ እንዲያም ሆኖ አልፈቱትም። ውጡ መባል ወዴት እንደሚወጣ አያሳውቅም፤ እሱን የሚያሳውቀው የነገሩን ጠባይ ማወቅ ነው። የመስኮት ቁጥር 3ን ጠባይ የምታውቀው ወይዘሮ ግን ሥራ አይቆምም ተብላ ከስልጠናው ቀርታለች።

ባለቀለም ተለጣፊ ወረቀት ሳይኖር ፈጠራ የለም። ነገርየው ራሱ የተገኘው በስህተት ነው፤ የ3ኤም ኩባንያው ስፔንሰር ሲልቨር እ.ኤ.አ. በ1968 ብርቱ ሙጫ ሲፈልግ ደካማ ሙጫ ሠራ፤ ባልደረባው አርት ፍራይ እ.ኤ.አ. በ1974 የመዝሙር መጽሐፉ ገጽ ምልክት እየወደቀበት ሲቸገር ጥቅሙ ታየው። ሁለቱም አበል አልተከፈላቸውም። ወረቀቱን ከታች ወደ ላይ ከመዘዛችሁት ጫፉ ይጠቀለልና ይወድቃል፤ ወደ ጎን ምዘዙት። ኖራ በተቀባ ወይም አቧራ ባለበት ግድግዳ ላይ አይዝም፤ መስታወት ላይ ወይም ዘይት ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ይቆያል። አንድ ወረቀት አንድ ሐሳብ ነው መያዝ ያለበት፤ ሦስት ከጻፋችሁበት ስትመድቡ የት ታስቀምጡታላችሁ? አንዱ በማይለቅ ማርከር ነጩ ሰሌዳ ላይ መጻፉ ደግሞ አይቀርም። የሚለቀውን ማርከር በላዩ ደግማችሁ ጻፉበትና ሳይደርቅ ጥረጉት፤ አብሮ ይነሣል። በሦስቱ ቀን ውስጥ በእርግጠኝነት የሚፈታው ችግር ይህ ነው።

«ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» የምንል ሕዝብ ስለሆንን የቶዮታው ታይቺ ኦኖ «አምስት ጊዜ ለምን በሉ» ሲል ወዲያው ገብቶናል። ሰው ለምን ይሰለፋል? መስኮቱ ላይ ስለሚቆይ። ለምን ይቆያል? ሰነድ ስለሚጎድለው። ለምን ይጎድለዋል? ምን እንደሚያስፈልግ ሳያውቅ ስለመጣ። ለምን አላወቀም? ዝርዝሩ ከበሩ ላይ ስለሌለ። ለምን የለም? ግድግዳው ሲቀባ ተነሥቶ የመለሰው ስለሌለ። በቃ፣ እዚህ ላይ መዶሻና አራት ምስማር ይበቃል። ስልጡኑ መንገድ ግን አጭር ነው። ለምን? «የግንዛቤ እጥረት።» ለምን? «የአመለካከት ችግር።» ሦስተኛው «ለምን» ከሻይ ሰዓት ጋር ይጋጫል። የግንዛቤ እጥረት መድኃኒቱ ደግሞ፣ እንደሚታወቀው፣ ስልጠና ነው።

ሐሳቦቹ ተሰብስበው ሲያልቁ ኤድዋርድ ደ ቦኖ ያስተማራቸው ስድስቱ ባለቀለም የአስተሳሰብ ባርኔጣዎች ይታደላሉ። ቢጫው መልካሙን ያያል፣ ጥቁሩ ጉድለቱን ይፈልጋል። አርባው ሰው ቢጫውን ያደርጋል። ጥቁሩን ያደረገ ሰው ለሚቀጥለው ስልጠና ስሙ አይተላለፍም። ሐሳብን በአንድ መስኮት ለአንድ ሳምንት ሞክሮ ስንት ሰው እንደተመለሰ መቁጠር የሚባል ነገርም አለ፤ ካልሠራ የሚታወቅበት ስለሆነ አይመከርም። ኮሚቴ ይቋቋም።

ወጪውን ለሚጠይቁ ጨቅጫቆችም መልስ አለ። ሠራተኛው ሐይቅ ዳር ሳለ መስኮቱ ላይ «ስልጠና ላይ ስለሆንን አገልግሎት የለም» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። በቀን 40 አዲስ ባለጉዳይ ቢመጣ በሦስት ቀን 120 ይጠራቀማል። ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ሰልፍ ከነበረው እጥፍ በላይ ነው፤ ለዓመቱ ሁለተኛ ዙር ስልጠና ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

አንድ ጥንቃቄ ቀርቷል፤ ዘበኛውን ተጠንቀቁት። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ቆሞ ማን ምን ይዞ እንደመጣ፣ ማን በምን እንደተመለሰ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከስልጠናው የተመለሱት የፍሊፕ ቻርት ወረቀቶች በላስቲክ ታስረው ቁምሳጥን ጀርባ ይቆማሉ፤ ጀርባቸው ባዶ ነው። ካልተጠነቀቃችሁ አንድ ጠዋት አንዱን ገልብጦ፣ «1 የመታወቂያ ኮፒ፣ 2 ጉርድ ፎቶ፣ 3 የቀበሌ ደብዳቤ» ብሎ በማርከር ጽፎ ከበሩ ላይ ይለጥፈዋል። በሳምንቱ ሰልፉ ይሳሳል፤ ሪፖርት የሚጽፈው ክፍል ይደነግጣል። ደግነቱ ወረቀቱ የደብዳቤ ቁጥርም ማኅተምም ስለሌለው፣ «ሕገ ወጥ ማስታወቂያ» ተብሎ በአሥራ አምስት ቀኑ ይነሣል።