ከዱርጋ ፑጃ ባሻገር

ስለ ቤንጋል (የዛሬው ምሥራቅ ህንድና ባንግላዴሽ) ገጠር የቀረበው ጽሑፍ ደስ ይላል፤ በዓሉን ሁሉ ዱርጋ ለተባለችው የሂንዱ አምላክ ለሚከበረው ለዱርጋ ፑጃ መስጠቱ ግን አልተዋጠልኝም። እርግጥ በቀርከሃና በጭድ ተዋቅሮ በጭቃ የተለሰነው የአምላኳ ምስል ከበሮ እየተመታለት ወደ ወንዝ ሲሸኝ ያስደንቃል። ይሁንና እንግሊዞች በ1793 እ.ኤ.አ. መሬቱን ዘሚንዳር ለሚባሉት ባለርስቶች ካጸኑላቸው ወዲህ ድግሱ የእነዚሁ ባለርስቶች የክብር መታያም ሆኖ ነበር። የአራሹ በዓል ናባና ነው፦ አዲሱ ሩዝ ሲገባ ከወተትና ከጥቁር ስኳር ጋር ተለውሶ ለአማልክትና ለሙታን ይቀርባል፤ ቁራ እንኳ ድርሻው አይቀርበትም! ጥር መጀመሪያ ላይ ደግሞ የሩዝ ዱቄት፣ ኮኮናትና ከዘንባባ ፈሳሽ ተፈልቶ የረጋ ስኳር ፒቴ የሚባለው ጣፋጭ ይሆናሉ። ቀጣይ ክፍል ካለ እባክዎ ስለ ጋጃን ይጻፉልን፤ ሚያዝያ መግቢያ ላይ የቤንጋል ዓመት ሲያልቅ ተራው ገበሬ ሺቫ ለተባለው የሂንዱ አምላክ ተስሎ ለጥቂት ቀናት የሚመንንበትን።